ተራ ፍርድ አይደለም

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ክፍል ውስጥ «የምርት መስመር» ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ወፍጮ ቤት ነው። ማሽኑ አንድ፣ ሥራው ብዙ፣ ጊዜው የማይጨበጥ። እህሉ እርጥብ ይሆናል፤ ቺንጋው ይበጠሳል። ታዲያ አንዳንድ ወገኖች «ተራ ተራ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጭ፤ ከዚህ በላይ ፍትሕ የለም» ይሉናል። አንቀበልም!

እስቲ እንቁጠር። አንድ ሰው ሁለት ኩንታል ይዞ ቀደመ እንበል፤ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ከኋላው አንዳንድ ቁና የያዙ ሦስት ሴቶች ቆመዋል፤ ለእያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ይበቃል። በተራ ከሄድን ሴቶቹ 60፣ 65 እና 70 ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ ድምሩ 195 ነው። ቁናዎቹ ቢቀድሙስ? ሁለቱ ሴቶች 5 እና 10፣ ባለኩንታሉ 15፤ ድምሩ 30! ሩብ ሰዓት ቢታገሥ ምን ጎደለበት?

«ጊዜው በእርግጥ ሳይታወቅ እንዴት ይደለደላል?» ይባላል። ትክክለኛውን ደቂቃ ማን ጠየቀ! ዌይን ስሚዝ በ1956 እ.ኤ.አ. ለታወቀ ጊዜ ያወጣው ደንብ ጊዜው በአጋጣሚ ለሚለዋወጥ ሥራም እንደሚያገለግል ማይክል ሮትኮፕፍ በ1966 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ማሽኑ አንድ ከሆነና የተጀመረ ሥራ ካልተቋረጠ አማካዩ ይበቃል። አማካዩን ደግሞ ባለወፍጮው ከረጢቱን በዓይኑ ገምቶ ያውቀዋል።

ብልጥ አይጠፋም፤ ሁለት ኩንታሉን ለዐሥር ልጅ አከፋፍሎ ይመጣል። የአንድ ቤት እህል እንደ አንድ ይቆጠራላ! ትናንሾቹ እየተከታተሉ ሲመጡ ባለኩንታሉ ሲገፋ እንዳይውልም ለጥበቃው ገደብ ይበጅለት።

የምንጣላው ግን ሌላ ነገር ላይ ነው። የመቆየት ዋጋ ለሁሉም እኩል አይደለም። ገደል ወርዳ፣ ወንዝ ተሻግራ የመጣች ሴት ሳይመሽ መመለስ አለባት፤ የከተማው ሰው ቤቱ አጠገቡ ነው። የስሚዝ ደንብ ይህን ዋጋ ለሥራው ጊዜ ያካፍልና ውጤቱ የበለጠውን ያስቀድማል። የዋጋውን ቁጥር ማን ይሙላ? ባለወፍጮው ብቻውን? ዘመዱን ያስቀድማል እንጂ! ደጅ የቆሙት ራሳቸው በግልጽ ተነጋግረው ይወስኑት እንላለን።

«ተራ ተራ ነው» የሚለን ወንድማችን በመጪው ዕረፍት ንፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ይውረድ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወፍጮ ደጅ ይቁምና፣ ቁናዋን ታቅፋ ከኩንታሉ ኋላ ለቆመችው ሴት ዓይን ዓይኗን እያየ ይንገራት።