ከመርፌ የተሠራ መድፍ

ስለ ክትባትና ስለ ልጆች ትኩሳት ስናወራ ቆይተን ዛሬ ወደ ጦር አውሮፕላን መዞሬ ሊገርማችሁ ይችላል። ነገሩ ግን መርፌን ስለሚነካ ከሙያዬ ብዙም አልራቅሁም።

እዚህ ላምበረት፣ እኛ ሰፈር፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆች የሚይዙት ሥራ በየዓመቱ ይለያያል። የዘንድሮው ሞዴል አውሮፕላን ነው። ካርቶንና ስስ ጣውላ የሚቆርጡ አሉ። የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ ደግሞ አጎቱ ከውጭ የላከለትን የሚገጣጠም ፕላስቲክ ይዟል። አውሮፕላኑ ፌይሪ ፋየርፍላይ ይባላል፤ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመርከብ ላይ እየተነሣ እንዲዋጋ የሠሩት፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ የሚታጠፍ ተዋጊ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1940ዎቹ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ገዝቶ በረውበታል። ከእነዚያም ኋላ ወደ ካናዳ ተወስደው ሙዚየም የገቡ አሉ።

ፋየርፍላይ በየክንፉ ሁለት፣ በድምሩ አራት፣ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሂስፓኖ መድፎች አሉት። ከፕላስቲኩ ጋር የሚመጡት ግን ወፍራምና አፋቸው ድፍን ነው። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ የታወቀ መላ አላቸው፦ የመርፌ ብረት። መያዣው ጥቁር የሆነው ባለ 22 ጌጅ መርፌ ውፍረቱ 0.7፣ ቀዳዳው 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ፣ 0.4ን በ48 ስታባዙት 19 ይመጣል። ከዚህ በላይ ልክ የሚሆን ነገር ከየት ይገኛል?

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ይህንን ሰምቶ፣ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ካለ ቆሻሻ የለቀማቸውን ሦስት መርፌዎች በኪሱ ይዞ መጣ። አልተቆጣሁትም፤ ብቆጣው ሌላ ጊዜ ደብቆ ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጣቸው አድርጌ እጁንና ኪሱን አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልወጋውም።

እናንተም ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ወድቆ የተገኘ መርፌ በእጅ አይነሣም፤ ታጥቦም ሆነ ተቀቅሎ ለጨዋታ አይውልም። ልጅ ከተወጋ ቁስሉን ሳትጨምቁ በውኃና በሳሙና እጠቡትና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ካለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠን ይሻላል።

ለሞዴሉ የሚሆነው ከመድኃኒት ቤት በእሽጉ የተገዛ አዲስ መርፌ ብቻ ነው። ሹሉን ጫፍ የሚያስወግደው አዋቂ ይሁን። በመቀስ ከተቆረጠ ቀዳዳው ይደፈናል። በፒንሳ ይዞ፣ ዓይን ላይ መነጽር አድርጎ፣ በቀጭን ሞረድ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መሞረድ ነው። ከዚያ ከኤሌክትሪክ ገመድ በወጣ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ቀዳዳውን ማጽዳት። ክንፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ አፈሙዝ ተቆርጦ በቦታው ይበሳል። መድፎቹ የሚገቡት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ፣ በጥቂት ሱፐር ግሉ ነው። ሙጫው ሳይጠነክር ከፊትም ከላይም እዩአቸው፤ አንዱ ከተጣመመ አራቱም ያስጠላሉ። ቁርጥራጩ ወደ ጠንካራ ጠርሙስ ይግባና ይከደን።

አራተኛው መድፍ ሲገባ የልጅ ልጄ ሞዴሉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ «እማማ፣ እውነተኛው ቀዳዳ ምን ያህል ነው?» አለኝ። ከመሳቢያ አሮጌ 5 ሳንቲም አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥሁለት። «ይህችን ያህል። አንዱ መድፍ ብቻ በደቂቃ 600 ያህል ይተኩሳል።»

ሳንቲሟን ሲያገላብጥ ቆየ። በሥራ ዘመኔ በጥይት የተመቱ ወጣቶችን ቁስል ሳጥብ ያየሁትንም ነገርሁት። የክላሽ ጥይት ከዚህች ሳንቲም ከግማሽ በታች ናት፤ ስትገባ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለች፣ ስትወጣ ግን ሥጋና አጥንት ይዛ ነው የምትሄደው። እናቶቻቸው የሚያዩት የወጣችበትን ነው። ይህንን የነገርሁት ላስፈራራው ብዬ አይደለም። ለመድፉ ቀዳዳ ይህን ያህል የተጨነቀ ልጅ፣ ቀዳዳው ምን እንደሚሠራ ቢያውቅ ተገቢ ነው ብዬ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ የጦር አውሮፕላን ነው ብላችሁ ሥራውን አትከልክሏቸው። እጅ ያፍታታል፣ ትዕግሥት ያስተምራል፣ ከስልክም ያላቅቃል። ግን አብራችሁ ተቀመጡ። መርፌውን እናንተ ቁረጡ፣ ሲጠይቋችሁም እውነቱን ንገሯቸው።

ፋየርፍላዩ አሁን ቡፌው ላይ ቆሟል። 5 ሳንቲሟን ከክንፉ ሥር ያስቀመጣት እሱ ራሱ ነው፤ አቧራ ስጠርግ አላነሣትም።