የቴትሪስ ጨዋታ ለንግድ ሰው የሚሰጠው የውል ትምህርት

ስለ ጨዋታ የሚጻፍ ነገር በንግድ ጋዜጣ ገጽ ላይ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንድ ዕቃ በዓለም ገበያ የተሸጠና የተለወጠ፣ ባለመብቶቹም በፍርድ ቤት የተካሰሱበት ከሆነ፣ ስሙ ጨዋታ ቢባልም ጉዳዩ የንግድ ጉዳይ ነው። ቴትሪስ የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ተጫዋቹን ሳይሆን ነጋዴውን ነው።

ጨዋታው የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ ከተማ ነው። ፈጣሪው አሌክሲ ፓጂትኖቭ በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ሠራተኛ ነበር። ይሠራበት የነበረው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው መሣሪያ ሥዕል የማሳየት ችሎታ ስላልነበረው፣ ቅርጾቹን በቅንፍ ምልክት ብቻ አሳያቸው። የጨዋታው ሥርዓት ቀላል ነው። ከአራት አራት ካሬ የተሠሩ ሰባት ዓይነት ቅርጾች ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም እያዞረ ያገጣጥማቸዋል፤ አግድሙ መሥመር ሲሞላ ይጠፋል፤ ክምሩ ጣራውን ሲነካ ጨዋታው ያበቃል። ሥራው ግን በዚያ ዘመን በነበረው የአገሩ ሥርዓት ለፈጣሪው ገንዘብ አላስገኘለትም፤ ወደ ውጭ አገር የመሸጡም ሥልጣን ኤሎርግ በተባለው የመንግሥት ንግድ ድርጅት እጅ ገባ።

የውል ችግር የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው። ሮበርት ስታይን የተባለው በለንደን የሚሠራ ደላላ ጨዋታውን በሃንጋሪ አይቶ በቴሌክስ ወደ ሞስኮ ጻፈ። ያገኘውንም የመልካም ፈቃድ መልስ እንደ ተፈረመ ውል በመቁጠር ፈቃዱን ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ኩባንያዎች ሸጠ። እነዚህም በተራቸው ለሌሎች አሳለፉት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ውሉ በደንብ ሲፈረም ለስታይን የተሰጠው መብት በኮምፒዩተር ላይ ለሚሠራው ጨዋታ ብቻ ሆነ። ከሱ የገዙት ግን በቴሌቪዥን ላይ ለሚሠራው መጫወቻም መብት ያገኙ መስሏቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 ሄንክ ሮጀርስ የተባለው ነጋዴ በእጅ ለሚያዝ መጫወቻ የሚሆን ፈቃድ ፍለጋ ሞስኮ ደረሰ። በዚያን ጊዜ የኤሎርግ ሹም ኒኮላይ ቤሊኮቭ እርሱ ያልፈቀደው ጨዋታ በገበያ እንደሚሸጥ ተረዳ። ወዲያውም ከስታይን ጋር የነበረውን ውል በማሻሻል «ኮምፒዩተር» ማለት ፕሮሰሰር፣ ሞኒተር፣ የዲስክ ማንበቢያና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ ነው የሚል ትርጓሜ አስገባ። ስታይን ስለ ክፍያ መዘግየት ቅጣት ወደሚናገረው አንቀጽ ብቻ እያየ ፈረመ። በዚህች አንዲት ትርጓሜ የቴሌቪዥንና የእጅ መጫወቻ መብት ከእጁ ወጥቶ ወደ ጃፓኑ ኩባንያ ወደ ኒንቴንዶ ተላለፈ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቴንገን የተባለው ኩባንያ ያወጣውን ቴትሪስ እንዳይሸጥ አገደ፤ የተመረተውም ዕቃ በመጋዘን ቀረ። ኒንቴንዶ ግን ጌም ቦይ ለተባለው የእጅ መጫወቻው ያወጣውን ቴትሪስ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጠ።

ፓጂትኖቭ ከሥራው የባለመብት ጥቅም ማግኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከሮጀርስ ጋር የቴትሪስን ኩባንያ ሲያቋቁም ነው። ከፈጠራው እስከዚያ ድረስ 12 ዓመት አልፎ ነበር።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ ጨዋታው ሌላ ገበያ አገኘ። ይህ ሽግግር አንዱን ዕቃ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እንደ ማዛወር ያለ አልነበረም። በቀድሞው ስልክ ላይ ጠባብ መስኮትና የቁጥር ቁልፍ ብቻ ስለነበረ ጨዋታው በዚያው ልክ መሠራት ነበረበት፤ ቁልፍ የሌለው፣ በጣት የሚነካው ስልክ ሲመጣም እንደገና ተሠራ። ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዚሁ ሥራ ብሉ ላቫ ዋየርለስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። በ2005 ጃምዳት የተባለው ኩባንያ ይህን ድርጅት በ137 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ሲገዛ፣ ቴትሪስን በስልክ የማቅረብ የ15 ዓመት ፈቃድ አብሮ አገኘ። በ2006 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ጃምዳትን ራሱን በ680 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። በ2010 መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ከ2005 ወዲህ በስልክ ላይ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በክፍያ እንደተወሰደ ተገለጸ። የ15 ዓመቱ ጊዜ ሲያበቃ ግን፣ በሚያዝያ 2020 የኤሌክትሮኒክ አርትስ የስልክ ቴትሪስ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎችም ሊጫወቱበት አልቻሉም። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሁሉ የገዛው ዕቃውን ነው ወይስ የተወሰነ ጊዜ ፈቃድ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሕጉ ለባለመብት ያደላል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክራቸውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ሕጉ ሁሉንም ነገር አያጥርም። ሲዮ የተባለ ኩባንያ ሚኖ የተባለ ተመሳሳይ የስልክ ጨዋታ ባወጣ ጊዜ፣ የኒው ጀርዚ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የሰጠው ፍርድ ይህንን ያስረዳል። የጨዋታው ሐሳብና ሥርዓት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንም ሰው የሚወርዱ ቅርጾችን የማገጣጠም ጨዋታ ሊሠራ ይችላል። የቅርጾቹን መልክ፣ የሜዳውን የ10 በ20 ልክና አቀራረቡን እንዳለ መገልበጥ ግን የሰው ሥራ መውሰድ ነው ተብሎ ተፈረደ።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያና ለሚያሠራው ነጋዴ ታላቅ ትርጉም አለው። የገበጣ ሥርዓት የሕዝብ ሁሉ ሀብት ስለሆነ፣ ወደ ስልክ ላዛውረው የሚል ሰው ከማንም ፈቃድ መለመን የለበትም፤ የሣለው ሥዕልና የጻፈው ፕሮግራም ግን የራሱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ጋር ቆጥሮታል። ለጨዋታው የሚወጣለትን ስም ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት ማስመዝገብ ይቻላል።

በወዳጆች መካከል ውል መጻፍ አለመተማመን ነው የሚል አስተሳሰብ በነጋዴው ዘንድ ገና አልጠፋም። የሕግ ባለሙያም ዋጋ ለጀማሪ ከባድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ስታይንን የጎዳው የወዳጅ ክሕደት አይደለም፤ ያልተጻፈውን እንደ ተጻፈ ቆጥሮ መሸጡና የተጻፈውን ሳያነብ መፈረሙ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ቃል ለፕሮግራም ሥራም እንደ ቤትና እንደ መሬት ሁሉ ያገለግላል።

ስለሆነም ውሉ ሥራው በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደሚቀርብ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው አገር፣ ወደ ሌላም ሰው ሊተላለፍ ይችል እንደሆነ በግልጽ ይናገር። ነገ ለሚፈጠረውና ዛሬ ስም ላልወጣለት መሣሪያ መብቱ የማን እንደሚሆን ይወሰን። የንግድ ምክር ቤቶችም ጀማሪው ሊጠቀምበት የሚችል የውል ናሙና በአማርኛ አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ ወጪው ጥቂት ሆኖ ጥቅሙ ለብዙዎች ይደርሳል። የሠራው ሰው ድርሻውን 12 ዓመት ሳይጠብቅ እንዲያገኝ፣ የገዛውም ነጋዴ የገዛውን ዐውቆ እንዲገዛ የሚያደርገው አስቀድሞ የተመከረበትና የተነበበ ወረቀት ነው።