ሱቁን መዝጋት የማይችል አለቃ

«ተቀጥሮ መሥራት ዘመናዊ ባርነት ነው።» ይህን ያልሰማ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በሆቴል አዳራሽ ሰምተነዋል፤ ሌሊት ስልካችን ላይ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሰምተነዋል፤ የሰው ይሁን የራሱ ባልታወቀ መኪና ላይ ተደግፎ ከሚናገር ሰው ሰምተነዋል። «የራስህ አለቃ ሁን!» ይለናል። እኛም እናጨበጭባለን፤ መግቢያ ከፍለን የለ!

እስኪ መጀመሪያ ቃሉን እንመልከተው። ባርነት በዚህ አገር በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሰው ይሸጥና ይለወጥ የነበረበትን ዘመን ያዩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም አብረውን አሉ፤ በዘሩ የሚሰደብም አልጠፋም። ደመወዙ ያነሰውን የባንክ ሠራተኛ «ባሪያ» የሚል ሰው ቢያንስ አፉን ቢጠብቅ ጥሩ ነው። ደግሞስ የባርነት ተቃራኒ ሱቅ መክፈት ነው ያለው ማን ነው?

የእኔ ክርክር ይሄ ነው። የራስ ሥራ ገቢ ሊያመጣ ይችላል። ክብርም ሊያመጣ ይችላል። በራሱ ነፃነት ያመጣል የሚለው ግን ውሸት ነው። ነፃ ነጋዴ ማለት በሩን መዝጋት የሚችል ነጋዴ ነው። አብዛኞቻችን የከፈትነውን በር መዝጋት አንችልም።

ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. እሠራበት ከነበረው መሥሪያ ቤት ለቅቄ ኮሌጅ አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ከፈትኩ። አንድ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ከእቁብ የደረሰኝ ብር፣ ከእናቴ የተበደርኩት ብር። የመጀመሪያው ወር እውነትም ጣፋጭ ነበር። ፈርሜ አልገባም፣ ፈርሜ አልወጣም፤ ምሳዬን ባሻኝ ሰዓት እበላለሁ። ለጓደኞቼ «በቃ፣ ሰው ሆንኩ» እል ነበር።

ከዚያ አለቆቼ አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። አከራዬ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ የሚቀበሉ፣ ጭማሪውን በስልክ የሚነግሩ ሰው ነበሩ። ድሮ አለቃዬ ሊያባርረኝ ቢፈልግ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነበረበት፤ ለአከራዬ «ሌላ ሰው ጠይቆኛል» ማለት ይበቃቸዋል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም እኔም እንቆማለን፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እኔ በሕይወቴ ዶላር በእጄ ይዤ አላውቅም። ማሽኑ የሚበላው ቀለም ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። አንድ ደስጣ ወረቀት ጠዋት በአንድ ዋጋ፣ ከሰዓት በሌላ ዋጋ የገዛሁበት ሳምንት ነበር። ተማሪው ግን ያው ተማሪ ነው፤ አባቱ የሚልክለት ብር አልጨመረም። ዋጋ ብጨምር ማዶ ይሻገራል፤ ባልጨምር እከስራለሁ።

ድሮ አንድ አለቃ ነበረኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ሲበዛብኝ ምሳ ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር አማዋለሁ። አዲሶቹን አለቆቼን ማማት እንኳ አልቻልኩም። ዶላርን ምን ብዬ ልማው?

በአራተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ አያቴ ሞቱ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የፈተና ሰሞን ነበር፤ የእኛ ዓይነት ሱቅ ገንዘብ የሚለቅመው በዚያ ሰሞን ነው። ኪራይ መክፈያዬ ደርሷል። ሱቅ ውስጥ ትረዳኝ የነበረችው ልጅ ከለቀቀች ወር አልፏታል፤ ለምን እንደለቀቀች እመለስበታለሁ። ቀብር ዋልኩ፣ ማታውኑ ተመለስኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ከፈትኩ። ሣልስት አልነበርኩም። ዘመድ ሁሉ ምንም አላለኝም። እናቴ ብቻ በስልክ «ምን ታደርግ ልጄ፣ ሥራ ይዞህ ነው» አለችኝ። ያ «ሥራ ይዞህ ነው» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔው አለቃ በሆንኩበት ቤት የያዘኝ ማን ነው?

ቆይቼ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ተቀጣሪ ወላጁ ወይም አያቱ ሲሞቱበት ደመወዙ ሳይነካ የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ሦስት ቀን፤ ልክ ሣልስት የሚያደርስ። መደበኛ ሥራው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ተጽፏል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል። የወለደች ሠራተኛ በጠቅላላው 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። የራሷ ፀጉር ቤት ያላት ጓደኛዬ ግን ወር እንኳ በቅጡ ሳትታረስ ሕፃኑን ጓዳ አስተኝታ ስትሠራ አይቻታለሁ። ለእሷ ማን ፈቃድ ይስጣት? አለቃዋ እሷው ናት፤ አለቃዋ ደግሞ ጨካኝ ናት።

እንግዲህ አስቡት። «ባሪያ» የተባለው ሰው ቢያንስ በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ አለው። ነፃ ወጣ የተባለው አንዱም የለውም።

«በወረቀት ላይ» ስል ግን ራሴንም መክሰስ አለብኝ። ያቺን የቀጠርኳትን ልጅ በሰባት ዓመት ብቻ እበልጣታለሁ፤ «ጋሼ» ትለኝ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ትከፍታለች፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ትዘጋለች። የጽሑፍ ውል አልነበራትም። ለጡረታዋ ከእኔ 11 በመቶ፣ ከደመወዟ 7 በመቶ መግባት ነበረበት፤ አላስገባሁም። «ሱቁ ገና እግር አላወጣም» ነበር ምክንያቴ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እሑድ እናቴን ጠይቄ ልምጣ?» አለችኝ። ሥራ በዝቷል፣ ሌላ ጊዜ አልኳት። ያን እሑድ እኔ የት ነበርኩ? ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ እየጠጣሁ የራስ ሥራ ሰውን እንዴት ነፃ እንደሚያወጣ እያስረዳሁ። ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከለከልኳት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም፤ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ነፃነቴ ብዬ የማወራለት ነገር ለካ የእሷ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ለዚህ ነው «ትንሽ ስለሆንክ ነው፣ ሥራውን አሳድገው፣ ከዚያ ራሱን ያስኬዳል» የሚለው ምክር የማይዋጥልኝ። ሥራ ራሱን አያስኬድም። የሆነ ሰው እያስኬደው ነው፤ የእሱ ስም መድረክ ላይ አይጠራም እንጂ።

ተቀጣሪነት ገነት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈለውም የሚባል የደመወዝ ወለል የለውም። ሕጉን እንደ እኔ የሚዘልል ቀጣሪ ሞልቷል። ደመወዝ ወሩን ሳያጋምስ ያልቃል። አለቃዋ እጁን እየላከ ያስቸገራት ሴት ጥላለት ወጥታ መንገድ ዳር ጀበናዋን ብትጥድ እውነትም ከአንድ ነገር አምልጣለች፤ እሷን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅም ሱቅ የሚከፍተው እንጀራ ፈልጎ ነው። ይክፈት፤ እግዜር ይርዳው።

የምጣላው እንጀራውን «ነፃነት» የሚል ስም ለጥፎ ከሚሸጥለት ሰው ጋር ነው። ያ ስም ጉዳት አለው። ነፃነት በእጅህ ነው ከተባልክ ስትወድቅ ጥፋቱ ያንተው ብቻ ይሆናል። ቀድመህ አልተነሣህም፣ በራስህ አላመንክም፣ «አስተሳሰብህ» አልተቀየረም። ኪራዩ፣ ምንዛሪው፣ የሚጠፋው መብራት ሁሉ ከታሪኩ ይወጣሉ፤ አንተ ብቻ ትቀራለህ፤ አንገትህን ደፍተህ።

ታዲያ በሩን መዝጋት የሚችል ነጋዴ የለም? አለ። በመስቀል ሰሞን መርካቶ ሂዱና እዩ። ዓመቱን ሙሉ ለምሳ እንኳ የማይዘጉ ሱቆች ተቆልፈው፣ ያ ሁሉ ግፊያ ጭር ብሎ ታገኙታላችሁ። ብዙዎቹ ባለሱቆች ጉራጌ አገር ናቸው፤ እናታቸው ቤት ክትፎ እየበሉ ነው። ንግድ አያውቁም እንዳንል፣ ንግድን ለዚህ ከተማ ካስተማሩት ዋነኞቹ ናቸው። ገንዘብ አይወዱም እንዳንል፣ እሱን ለእነሱ ንገሩ።

እንዴት ቻሉ? ጎረቤትም ስለዘጋ፣ የጎረቤት ጎረቤትም ስለዘጋ ነው። ደንበኛውም ሰሞኑን ያውቀዋል፤ ወይ ቀድሞ ይገዛል፣ ወይ ይጠብቃል። የበሬው መግዣ ቀደም ብሎ ሲጠራቀም ከርሟል፤ እቁብና ማኅበር አለ። አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢዘጋ ደንበኛው ማዶ ይሻገር ነበር፤ አብረው ሲዘጉ የሚሻገርበት ማዶ የለም። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችንም ተመልከቱ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ብዙዎቹ ይዘጋሉ፤ «ተፎካካሪዬ ቀደመኝ» ብሎ የሚያብድ የለም፤ ተፎካካሪውም ዘግቶ እየጾመ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቁርጥ ግብር ግምት ያስቆጣቸው ነጋዴዎች በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮች ሱቃቸውን የዘጉበትን ጊዜም አስታውሱ። አንድ ሰው ብቻውን ዘግቶ ቢሆን «ከሰረ» ይባል ነበር። ብዙ ሆነው ሲዘጉ አገር ሰማቸው።

መስቀሉም፣ ጾሙም፣ አድማውም የሚሉን አንድ ነገር ነው። የመዝጋት አቅም ከባለቤትነት ወረቀት አይመጣም። ከጎረቤት ጋር ከተደረገ ስምምነት ይመጣል።

እኛ መንገድ ላይ አምስት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ነበርን። ማታ ማታ አንገታችንን አውጥተን የማን መብራት እንደበራ እንተያያለን። እሱ ካልዘጋ እኔ አልዘጋም፤ እኔ ካልዘጋሁ እሱ አይዘጋም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አምስታችንም በር ላይ ቆመን አንድ ተማሪ እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ «እሑድ ከሰዓት ሁላችንም ብንዘጋስ?» አልኩት። ሳቀና «አንተ መጀመሪያ ዝጋ፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። አልፈርድበትም። እሱ ቢዘጋ እኔም እስከ 4 ሰዓት እከፍት ነበር። ከሌሎቹ ከሦስቱ ጋር ግን ጭራሽ አልተነጋገርኩም። ለምን? አዳራሽ ውስጥ ያስተማሩኝ ጎረቤቴን እንዴት እንደምበልጠው ነው፤ እንዴት አብሬው ቤቴ እንደምገባ ያስተማረኝ የለም።

እድር ያለን ሕዝብ ነን። ለቀብር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በጋራ ገዝተን አስቀምጠናል። ለሞት እንዲህ ተደራጅተን ለእሑድ ከሰዓት መደራጀት እንዴት ያቅተናል? አንዱ ሲታመም ሌሎቹ ኪራዩን የሚደጉሙበት፣ የወለደችውን ፀጉር ሠሪ ሁለት ወር የሚያሳርፍ፣ ቀጣሪዎቹ ለሠራተኞቻቸው ውል ለመጻፍ እርስ በርስ ቃል የሚገቡበት ማኅበር ለማቋቋም አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅብንም። ቃሉም፣ መዝገቡም፣ ዳኛው የሚቀመጥበት ወንበርም አያቶቻችን ጋር ነበር።

ሥራ ልትከፍቱ ያሰባችሁ ልጆች፣ ክፈቱ። ግን ትርፉን ከማስላታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ብታመም ማን ይከፍታል? ቢሞትብኝ ስንት ቀን እቀመጣለሁ? የምቀጥረው ሰውስ ስንት ቀን ይቀመጣል? መልስ ከሌላችሁ ገቢ ልታገኙ ትችሉ ይሆናል፤ ነፃነት ግን ገና አልከፈታችሁም።

እኔ ማሽኑን ሸጬ በ2017 ዓ.ም. ተመልሼ ተቀጠርኩ። 11 ሰዓት ሲሆን እወጣለሁ። አለቃዬን አማዋለሁ። ልጅቷንም ፈልጌ ደወልኩላትና ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ምንም ነበር እንጂ። የሦስት ዓመት እሑዶቿ ነበሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ሰውዬው «የራስህ አለቃ ሁን» ሲል እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «አንተ እዚህ ቆመህ የምታስተምረን፣ አሁን ቢሮህን ማን እየጠበቀልህ ነው? እሱስ እሑድ ቤቱ ይውላል?»