ፎልደሩን ወደ ኢንተርኔት አታውጡት

በየቢሮው «ኮምፒውተር የሚችል» የሚባል አንድ ልጅ አይጠፋም። ፕሪንተር እምቢ ሲል የሚጠራው እሱ ነው፤ ዋይፋይ ሲጠፋ የምትፈለገው እሷ ናት። ይህን በስልክ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ በቢሯችሁ ይህ ሥራ ሳይወድቅባችሁ አልቀረም። አንድ ቀን ደግሞ አለቃ ጠርቶ «እስቲ ይቺን የቢሮ ፎልደር ቤቴ ሆኜ በስልኬ እንድከፍታት አድርጉልኝ» ማለቱ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለአንዲት ፋይል ብሎ ከአያት ሜክሲኮ መመላለስ ምን የሚሉት ነገር ነው? የኔ ጭቅጭቅ ከአሠራሩ ጋር ነው። ብዙዎች የሚመርጡት አቋራጭ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ፖርት 445ን ወደ ውጭ መክፈት ነው። ዊንዶውስ ፎልደር ሼር የሚያደርገው በዚህ ፖርት ስለሆነ ነገሩ ይሠራል። ችግሩ፣ በሩ የተከፈተው ለአለቃ ብቻ አይደለም። ለዓለም ሁሉ ነው።

«እኛ ትንሽ ቢሮ ነን፤ ማን ይፈልገናል?» ትሉ ይሆናል። በስም የሚፈልጋችሁ ላይኖር ይችላል። የሚያንኳኳው ግን ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ከአድራሻ አድራሻ እየዞረ ክፍት በር ይሞክራል፤ ባንክ ሆናችሁ ፎቶ ቤት ግድ የለውም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባው በዚሁ በዊንዶውስ ፋይል ሼሪንግ በነበረ ቀዳዳ ነው። በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ፣ ለመክፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የታካሚ ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ ያልጫነው ግን ብዙ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቪፒኤን። ቪፒኤን ሲባል ቴሌግራም ሲዘጋ የምናወርደው አፕ ብቻ ይመስለናል። ቀድሞ የታሰበለት ሥራ ግን ውጭ ያለን ሰው በተቆለፈ መስመር ወደ ቢሮው ኔትወርክ ማስገባት ነው። ፎልደሩ ካለበት አይወጣም፤ ሰውየው ነው የሚገባው። የተዘጋ አፕ ማስከፈቻዎቹ ይህን አይሠሩም። እንደ ዋየርጋርድ ወይም ቴይልስኬል ያለ ያስፈልጋል። ቴይልስኬል በቢሮው ኮምፒውተርና በስልኩ ላይ ተጭኖ ሁለቱን ያገናኛል፤ ራውተሩ ላይ ፖርት ክፈቱ አይልም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ፓስዎርድ ስጡ። ማየት ብቻ ለሚበቃው ሰው ማጥፋት አትፍቀዱ። ከሥራ የለቀቀውን በዚያው ቀን ዝጉበት። የፋይሎቹን ቅጂ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ ያዙ።

እርግጥ መብራት ከሄደ የቢሮው ኮምፒውተር ይጠፋል፤ ፎልደሩም አብሮት። ፋይሎቹ ቀላል ከሆኑ ጎግል ድራይቭ ላይ ማድረጉ ይሻላል። እዚያም ቢሆን ሊንኩን ላገኘ ሁሉ እንዲከፈት አድርጋችሁ ግሩፕ ላይ ከጣላችሁት ያው በሩን ከፍቶ መሄድ ነው። የሚመለከታቸውን ሰዎች ኢሜይል አንድ በአንድ አስገብታችሁ ሼር አድርጉ።

ይህን ሁሉ የምጨቀጭቀው ፎልደሩ ውስጥ ያለው የእናንተ ስላልሆነ ነው። የደንበኛ መታወቂያ ኮፒ አለ። የደመወዝ ዝርዝር አለ። የማታውቋት ሙሽራ የሠርግ ፎቶ አለ። እነዚህ ሰዎች ራውተሩ ላይ ምን እንደተደረገ አልተጠየቁም። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ «አላወቅንም ነበር» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አያዋጣም።

ስለዚህ አለቃ «አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር አይደል እንዴ?» ሲል አትሽኮርመሙ። በአምስት ደቂቃ የሚከፈተው በር ለሌባም እንደሚከፈት ንገሩትና ግማሽ ቀን ጠይቁ። የዓመታት ሥራው በአንድ ሌሊት ከሚቆለፍበት ግማሽ ቀን ቢጠብቅ ይሻለዋል።