«አያምም!» የምትባል ውሸት

በልጅነታችን መርፌ ልንወጋ ስንወሰድ «ኬክ ቤት ነው የምንሄደው» ተብለን ነው። ነገሩ የሚገባን ነጭ ጋዋን ስናይ ነው። ከዚያ ሁለት ሰው እጅና እግራችንን ይይዛል፣ ሦስተኛው «አያምም፣ አያምም!» ይላል፣ መርፌው ይገባል፣ ያማል። እስከ ዛሬ ከመርፌው ይልቅ የምናስታውሰው ውሸቱን ነው። (ኬኩም አልተገዛም።)

ይህን ያነሳነው ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ልናወራ ፈልገን ነው። አዎ፣ ያ ዓይን ላይ ጥርቅም ብሎ የሚታሰረው የጌም መነጽር። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ላይ ሞክረውታል። የተቃጠለ ልጅ ስቃዩ በአደጋው ቀን አያበቃም፤ ቁስሉ በታጠበና ፋሻው በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ «ስኖውወርልድ» የሚባል ጌም ሠሩ። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ልጁ በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ ፔንግዊኖችን በበረዶ ኳስ ይመታል። ሕመም እንዲሰማን ትኩረታችንን ይፈልጋል። ትኩረቱ ሌላ ቦታ ሲሄድ የሚሰማን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞችን ጭንቅላት አንስቶ ይህንኑ በምስል አሳይቷል።

እኛን የበለጠ የገረመን ግን የኮሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው፣ ከ4 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው 69 ልጆች ነበሩበት። ግማሽ ያህሉ በመነጽሩ የ4 ደቂቃ ቪዲዮ አዩ። ፖሮሮ የሚባለው የካርቱን ፔንግዊን ኦፕሬሽን ክፍሉን እያስጎበኘ ምን እንደሚደረግ ያስረዳቸዋል። የተለመደው የቃል ማብራሪያ ብቻ ከተሰጣቸው ልጆች ይልቅ ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ ማደንዘዣ ሲሰጣቸውም ብዙ አላስቸገሩም። ልብ በሉ፣ ፖሮሮ ልጆቹን ኬክ ቤት አልወሰዳቸውም። የወሰዳቸው እዚያው የሚፈሩት ክፍል ነው!

«ጓንት በሚጠፋበት አገር ምን መነጽር ነው የምታወሩት?» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው። እኛም መነጽር ይገዛ አላልንም። ሲያትልም ቢሆን ጌሙ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትን ለመተካት ሳይሆን በላዩ ለመጨመር ነው የገባው፤ ሞርፊን የጎደለበት ዋርድ ቀድሞ የሚያስፈልገው ሞርፊን ነው። ግን የፖሮሮን ሥራ ለመሥራት ስንት ብር ይፈጃል? ክፍሉን፣ ጭምብሉን፣ አረንጓዴ የለበሱትን ሰዎች በስልክ ቀርጾ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ማስረዳት የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። እናት እስከ በሩ ድረስ እጁን ይዛ ትሂድ ቢባልም እንዲሁ። ድህነት ለመነጽሩ ሰበብ ይሆናል፤ ለውሸቱ ግን እንዴት እንደሚሆን አልገባንም።

ለነገሩ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ባለፈው ከመካከላችን አንዱ የእህቱን ልጅ ቶንሲል ሊያስወጣ ይዞ ሄዶ፣ በር ላይ ልጁ «ያማል?» ሲለው አፉን የሞላው ያችው የድሮዋ ቃል ነበረች። እንደምንም ዋጣትና «ስትነቃ ጉሮሮህን ያምሃል፣ ከዚያ መድኃኒት ይሰጡሃል» አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና «አይስክሬምስ?» ብሎ ጠየቀ። አይስክሬሙ ተገዝቷል።