ወሳጁ የጠፋበት «ወሰደ»

ቋንቋችን በባዕድ ቃል ተጥለቀለቀ ብለን የምንቆጨውን ያህል፣ በባዕድ ዐረፍተ ነገር አጥንት መሠራት መጀመሩን ልብ አንልም። «ባንክ»፣ «ቼክ»፣ «ኮምፒውተር» እንግድነታቸው በግንባራቸው ላይ ተጽፏልና ማንም ይለያቸዋል። የሚያስቸግረው ፊደሉም ድምፁም የእኛ ሆኖ ሳለ አካሄዱ የእንግሊዝኛ የሆነው ነው። ከዚህ ዓይነቱ ለዛሬ አንዱን ብቻ ላንሣ፤ «ወሰደ» የሚለውን ግሥ።

እንግሊዝኛ «ቴክ» የሚባል ግሥ አለው። እንግሊዛዊው ገላውን ሲታጠብ ሻወር «ይወስዳል»፤ ሲያርፍ ዕረፍት «ይወስዳል»፤ ሲፈተን ፈተና «ይወስዳል»። የሥራውን ፍሬ የሚሸከመው ስሙ ነው፤ ግሡ እንደ ባዶ ስልቻ የተሰጠውን ይይዛል። ፈረንሳይኛም በ«ፕራንድር» እንዲሁ ያደርጋል። ወደ እኛ የገባው ግን በእንግሊዝኛ በኩል ይመስለኛል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የምንማረው በእርሱ ነውና። አያቱ «ተፈተንኩ» ይሉ የነበረውን የፍኖተ ሰላም ተማሪ ዛሬ «ፈተና ወሰድኩ» ይላል። በሽተኛው ይጠጣው ወይም ይውጠው የነበረውን መድኃኒት አሁን «ይወስደዋል»። ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ አሁን ጊዜ «ይወስዳል»።

አማርኛችን «ወሰደ»ን አያውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። ያውቀዋል፤ ያውም በሌላ መልክ። ከጭብጥ ነገር አልፎ ረቂቁን ሲናገር፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ሰው እንጂ የሚወስደው ሰው አይደለም። እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን። ጎርፍ ወሰደው፣ ሞት ወሰደው እንላለን። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ናፈቀኝ፣ አመመኝ የምንለውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ ሰው በሚደርስበት ነገር ፊት ትንሽ መሆኑን ግሡ ራሱ ይመሰክራል። አዲሱ «ወሰደ» ግን ሰውን የሁሉ ወሳጅ አድርጎ ያቆመዋል።

ደግሞም በስምና በግሥ ጥምር መናገር በራሱ ኃጢአት አይደለም። «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ከፍ አደረገ» የጥንት ሀብታችን ናቸው። ባልደረቦቼ «ትራንስፈር አደረግሁ» ሲሉ፣ ቃሉ እንግዳ ቢሆንም የገባው በእኛው በር ነው። ስለዚህ ጠቤ ከመዋስ ጋር አይደለም። የምኖርበት ከተማ ስም እንኳ ከግእዝ የተገኘ ነው። ጠቤ የራሳችን ሙሉ ግሥ እያለ፣ እርሱን ባረጀ ገል ምትክ ጥሎ ባዶ ስልቻ ከማንሣት ጋር ነው።

ይህ የቃላት ቅንጦት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። በባንክ መስኮት ተቀምጬ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ከቡሬ ገጠር አንድ አዛውንት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ልጃቸው በርበሬ ሊነግድ ሲበደር፣ በከተማ ያለችውን ቤታቸውን አስይዘውለት ኖሯል። ደብዳቤው «ዕዳው ተከፍሎ ካልተጠናቀቀ ተገቢው ሕጋዊ እርምጃ ይወሰዳል» ይላል። አዛውንቱ አስነብበው ሰምተውታል። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ልጄ፣ ስንት እርምጃ ነው የምትወስዱት? በመንገዱ በኩል ነው ወይስ በጓሮው?»

ከእኔ ኋላ የነበረ ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እኒህ ሰው መሬት በእርምጃ ሲለካ ኖረዋል። እርምጃ የሚወሰድ ከሆነ፣ ከግቢያቸው ተለክቶ የሚቆረስ ነገር አለ ብለው ነው የተረዱት። አማርኛውን ከደብዳቤው ጸሐፊ የበለጠ ያውቁት ነበርና፣ ከነገሩም ብዙ አልራቁም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። «አባቴ፣ ልጅዎ ካልከፈለ ባንኩ ቤትዎን ይሸጠዋል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንዲህ ብላችሁ ጽፋችሁልኝ ቢሆን ባለፈው ወር እመጣ ነበር» አሉኝ።

«ባንኩ ቤትዎን ይሸጠዋል» በሚለው ውስጥ ሻጩም፣ የሚሸጠውም፣ ባለቤቱም አሉ። «እርምጃ ይወሰዳል» በሚለው ውስጥ ማንም የለም። አማርኛ በአንዲት ግሥ ውስጥ አድራጊውንና ተደራጊውን አብሮ የሚቋጥር ቋንቋ ነው፤ «ሸጡብኝ» ስንል ማን፣ ምን፣ በማን ላይ የሚለው ሁሉ ተቋጥሯል። ያንን ቋጠሮ ፈትተን ስም ስናደርገው፣ መጀመሪያ የሚያመልጠው አድራጊው ነው።

ይህ ማምለጥ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል አገራችን በደም ታውቀዋለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በበረታው ቀይ ሽብር «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል ተገደሉ ማለት ነበር። «ገደልናቸው» ብሎ በሬዲዮ ለማንበብ ምላስ ይከብዳል፤ «እርምጃ ተወሰደባቸው» ግን እንደ ሒሳብ መግለጫ ይነበባል። ዛሬም ሐረጉ በዜና ሲሰማ፣ በተለይ በእኛ አካባቢ፣ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው በከንቱ አይደለም።

ጎጃም የእነ ዋሸራና የእነ ጎንጅ የቅኔ አገር ናት። ሊቃውንቱ የዐረፍተ ነገሩን ዋና ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ሰው ነዶ ሲታሰር ያየ ይመስለኛል፤ ማሰሪያው የላላ ነዶ ከእርሻው እስከ አውድማው እህሉን እያራገፈ ይሄዳልና። እኔም ግጥም ስሞክር የማየው ይህንኑ ነው። «አረፍኩ» ብሎ ማለፍ ሲቻል «ዕረፍት ወሰድኩ» ያልኩ እንደሆነ ሐረጉ ይሞላል፤ ስሜቱ ግን አይጨምርም።

እንግዲህ ምን ይሁን? «እርምጃ ወሰደ»ን ከአማርኛ መንቀል አይቻልም፤ ሥር ሰድዷል። ቋንቋም በመዋስ አይሞትም። እንግሊዞች ራሳቸው «ቴክ»ን ያገኙት ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ነው፤ በዚሁ ሳቢያ የጥንቱ የራሳቸው ግሥ ጠፋ። የምጠይቀው ጥቂት ነው። ተማሪው ፈተናውን ይውሰድ፤ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ሰው መልስ ሊሰጥበት በሚገባው ቦታ ሁሉ፣ በደብዳቤ፣ በዜና፣ በፍርድ፣ በይቅርታ፣ ሙሉውን ግሥ እንመልሰው።

በይቅርታ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በየስብሰባው «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ሲባል እንሰማለን፤ የሚባለው ተብሎ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። በአገራችን ባህል ግን በዳይ በሽማግሌዎች ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ሲቀርብ የሚወስደው ነገር የለም። የሚናገረው አንድ ግሥ ነው፤ «አጥፍቻለሁ»። በዚያች ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ሁ» ተናጋሪው ራሱ ነው፤ ሸሽቶ የሚደበቅበት ስም አላስቀረችለትም።

ቸር እንሰንብት።