ጥልቀቱ ያልተጻፈለት ቅጠል

እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ሃሎፊላ ጆንሶናይ የተባለውን የባሕር ሣር ሥጋት ከተደቀነባቸው ዝርያዎች መዝገብ አሰፈረች፤ በፍሎሪዳ ጠረፍ ብቻ የሚገኝ ልዩ ዝርያ ነው ተብሎ ነበር። የዘረመል ጥናት ግን ተክሉ በሰፊው ከተሠራጨው ሃሎፊላ ኦቫሊስ የተለየ አለመሆኑን ስላሳየ በ2022 ከመዝገቡ ወጣ። ለ24 ዓመታት በሕግ ሲጠበቅ የነበረው አንድ የቅጠል መልክ ነበር።

ኢትዮጵያ የባሕር ሣር ባይኖራትም የሣሩ ዘመድ ፖታሞጌቶን በሐይቆቿ ይበቅላል፤ የአለያየቱ ችግርም እዚያው አለ። ፖታሞጌቶን ሽዋይንፉርታይን ከፖታሞጌቶን ቱንበርጋይ ለመለየት በውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈው ቅጠል ትልቅ ረዳት ነው፤ ናሙናው ይህ ቅጠል ሳይወጣ ከተነቀለ ግን ረዳቱ የለም። የጠለቀው ቅጠል ርዝመትና ስፋት ደግሞ እንደ ብርሃኑና እንደ ጥልቀቱ ይለዋወጣል።

በደቡብ ወሎ በአምባሰል አቅራቢያ ባለው የሐይቅ ሐይቅ (ስሙ ራሱ ድግግሞሽ ነው) ይህ ጉዳይ ይከብዳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቆሮሶ ዓሣ ከገባበት ወዲህ ባሉት ዓመታት አልጌው መብዛቱና የውሃው ጥራት መቀነሱ ተመዝግቧል። ስለዚህ የቀድሞ ደረቅ ናሙናን ከዛሬው ተክል ጋር የሚያነጻጽር ተመራማሪ የሚያነጻጽረው ዝርያን ሳይሆን ሁለት የብርሃን መጠኖችን ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቅጠሉን ትቶ ወደ ዘረመል መሮጥ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ግማሽ መንገድ ነው። በፖታሞጌቶን ዘንድ መዳቀል የተለመደ ነው፤ የክሎሮፕላስት ዘረመል ደግሞ በአብዛኛው ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ዲቃላው የእናቱን ስም ይዞ ያልፋል። የኒውክለሱ ዘረመል አብሮ ካልተነበበ አባትየው አይታወቅም። ከዚህም በላይ ውጤቱ የሚመሳከርበት የመረጃ ቋት ስያሜውን ያገኘው መጀመሪያ ቅጠል ካየ ሰው ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ ማሽኑም ያንኑ ይደግማል።

በጀቱ ጠባብ የሆነ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዘረመሉ በፊት ሊሠራው የሚገባ ርካሽ ሥራ አለ። የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ወደ ሐይቅ ስለሚፈስ የተቆረጠ ግንድ ተንሳፍፎ ሊወርድ፣ ሥር ሊሰድም ይችላል፤ ናሙናው ከሁለቱም ሐይቆች፣ ከተለያየ ጥልቀት ሊወሰድ ይገባል። ከዚያ ቅርንጫፎቹን ደሴ ላይ በአንድ ገንዳ፣ በአንድ ብርሃን ማብቀል ነው። ልዩነቱ ከጠፋ የውሃው ነበር፤ ከጸና ለዘረመል ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ተገቢ ነው። የተመረመረው ተክል ራሱ ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይቀመጥ፤ በመለያው ላይም ቦታና ቀን ብቻ ሳይሆን የተነቀለበት ጥልቀት በሜትር ይጻፍ።